የርቢ በጎቼ እና የባሌ መንጋ

ባሌ የአንዲትን በግ እናት፣ የእናቷን እናት፣ አባቷ በየትኛው ክረምት በሳል እንደሞተ ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ቁስቋም ካለው ቤታችን ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ የሚጀምረው በዚሁ ነው። እኔ ምሳውን አሙቄ አቀርባለሁ፣ እሱ በግ ያወራል። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ እሰማው ነበር። በኋላ ግን ከበጎቹ መሃል አንዲት ሴት ብቅ አለች።

«እሷ እንደምትለው» ይላል። «እሷ ባትኖር ኖሮ» ይላል። ስሟን አይጠራም። የሴት ስም ለመጥራት የሚጠነቀቅ ወንድ ደግሞ እኔን ያሳስበኛል።

የሚሠራው ከደባርቅ አለፍ ብሎ ደጋው ላይ ባለች ትንሽ የበግ ማራቢያ ጣቢያ ነው። ዋልያን ዘበኛ ይጠብቀዋል፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል፤ የአገሩ በግ ግን ጠባቂ አልነበረውም። ያ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጠጉሩ ረጅም የስሜን በግ ነጋዴ ከየአገሩ እየነዳ ከሚያመጣው ጋር ሲደባለቅ ሲደባለቅ መልኩ እየጠፋ ሄደ። ጣቢያው ያልተደባለቁትን ከየመንደሩ እየገዛ በአጥር ውስጥ ያረባል፤ ሲበዙ ደግሞ አውራ አውራውን ለገበሬው መልሶ ያድላል። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ግን አጥር ውስጥ ያለ መንጋ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ከሆነ እህትና ወንድም መገናኘታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ግልገሉ ከሲታ ሆኖ ይወለዳል፣ እናቲቱ ትጨነግፋለች፣ መንጋው ጅብም ሰውም ሳይነካው ያልቃል።

ስለዚህ እሷ፣ ማለትም የዘር ባለሙያ ሆና የተቀጠረችው ወጣት፣ አንድ ሕግ አወጣች። ከአንድ ቤት ከአንድ በግ በላይ አይገዛም። ቤቱ ሲለያይ ደሙም ይለያያል።

«ብልህ ልጅ አይደለችም?» አለኝ ባሌ።

አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ብልህነቷን መች ካድኩ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ያንን ሲናገር የድምፁ መለስለስ ነበር። ለእኔ እንዲያ ባለ ድምፅ ያወራኝ መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩና ሠርጋችን አካባቢ ደረስኩ።

መቀናቴን አልደብቅም። ቅናት ክፉ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ባሏን የማትወድ ሴት ስትቀና አላየሁም። ደግሞም የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። መንጋው ሲጸና፣ የመጀመሪያዎቹ አውራዎች ለገበሬ ሲታደሉ፣ ወደ ጎንደር ቢሮ እዛወራለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል። ከተጋባን ጀምሮ ሙሉ ሳምንት አንድ ጣራ ሥር ያደርንባቸው ጊዜያት ተቆጥረው ያልቃሉ። ስለዚህ ሌላ ሴት ለልጅ ስትሳል እኔ ቁስቋም ማርያም ደጅ ቆሜ በጎቹ እንዲረቡ እሳል ነበር። ለበጎቹ ብዬ እንዳልነበር ድንግል ታውቃለች።

በግ እኔም አለኝ። ስንጋባ አባቴ ማጫ ብሎ እናት በጎች ሰጠኝ፤ ዳማ ሆነው ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው፣ ጆሯቸው ከመጠን በላይ አጭር፣ በዚያ ደጋ የታወቁ ዘሮች። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለች ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት በግ የት አስራለሁ? ከጣቢያው ቁልቁል ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በርቢ ተውኳቸው። ርቢ ማለት እሱ ያረባል፣ የሚወለደውን እኩል እንካፈላለን ማለት ነው። ባሌ ይህን ያውቃል። እንዲያውም በጎች ከየመንደሩ ሲገዛ ከወንድሜ ቤት አንዲት እንኳ አልገዛም፤ ዘመድ ጠቀመ እንዳልባል ነው አለኝ። በዚህም ተቀይሜ ነበር። የሰው ሁሉ በግ ጣቢያ ሲገባ የሚስቱ በግ ብቻ በር ላይ ቀረች።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነገር ተበላሸ። ግልገሎች በተወለዱ በሳምንታቸው መሞት ጀመሩ። ባሌ ስልክ ሲደውል ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ብርዱ ነው፣ ሣሩ ነው፣ ሳል ነው ይላል። አንድ ቅዳሜ ቀረ፤ ቀጥሎም መንገድ ተዘጋ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ስደውልለት ከጀርባው የሴት ሳቅ ሰማሁ። ግልገል እየሞተ ምን ያስቃል? ስልኩን ዘጋሁና ሱቄን ዘግቼ ሹሩባ ልሠራ ሄድኩ።

በማግስቱ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለተሳፋሪው ሁሉ የርቢ ድርሻዬን ለማየት ነው የምሄደው እላለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ዳባት ላይ አንዲት ሴት ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችና «በግ ለማየት ነው እንዲህ ያማረብሽ?» አለችኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ጣቢያው ስደርስ ባሌና ልጅቱ ጋጣው ውስጥ ተንበርክከው ነበር። እሱ ግልገል አቅፏል፣ እሷ በጡጦ ወተት ታጠባለች። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። የጣቢያው ዘበኛ እስኪስል ድረስ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለ ባሌ። ደነገጠም ደስ አለውም፤ የትኛው እንደቀደመ ለመለየት ፊቱን አጥብቄ አየሁት፤ አልለየሁም።

ልጅቱ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተነሳች። ቆንጆ እንዳትሆን ተስዬ ነበር፤ ስለቴ አልሰመረም። «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ስለእርስዎ ሁልጊዜ ነው የሚያወራን» አለችኝና ሦስቴ ሳመችኝ። እርስዎ አለችኝ። ባንድ ቃል የአክስቷ እኩያ አደረገችኝ።

ባሌ መንጋውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ልጅቱም ተከተለችን፤ ማን እንደጠራት አላውቅም። እሱ በጣቱ እየጠቆመ ያቺ ከቄሱ ቤት የመጣች ናት፣ ያቺ ከዳገቱ ላይ ካሉት ባልቴት፣ ያቺኛዋ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ይላል። እኔ ዓይኔ ልጅቱ ላይ ስለነበር በጎቹን ያየሁት ዘግይቼ ነው። አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ጆሮዋ የለችም ለማለት ጥቂት የቀራት። ከአጠገቧ ያለችውም እንዲሁ። ከኋላ ያለው ጠቦት ጠጉሩ ጥቁር ሆኖ ጆሮው ግን ያው ጆሮ ነው። መልኩ የሚቀየር አለ፣ ጆሮው የሚቀየር ግን ጥቂት ነው።

ቄሱ። ባልቴቷ። ወፍጮ ቤቱ። ወንድሜ በየበዓሉ ሲደውልልኝ የሚጠራልኝ ቤቶች ናቸው። «ዘንድሮ መኖ አጠረኝና አንዷን ለቄሱ በርቢ ሰጠሁልሽ» ይለኛል። «ለባልቴቷም አንዷን ሰጠሁ፣ ብቻዋን ናት።» እኔም ሸጋ አደረግህ እልና ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ። አሁን እነዚያ ሁሉ ቤቶች በባሌ አጥር ውስጥ ተሰብስበው ሣር ይግጣሉ።

ወንድሜን ልጠይቅ ብዬ ቁልቁል ወረድኩ።

ወንድሜ የገብስ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም አያ ነው የሚባለው። ሰላምታውን ጨርሰን ስለ በጎቹ ጠየቅኩት።

«አያ፣ በርቢ የሰጠሃቸው ሰዎች ለጣቢያው ሸጠዋል እንዴ?»

«ድርሻቸውን ሸጡ። ምን ነውር አለው?»

«የማን ዘር ናት ሲሏቸው ምን አሉ?»

«የኔ ናት አሉ እንጂ። በርቢ ያገኘሁት ነው ብሎ ሰው ፊት የሚያወራ ማን አለ? ደሃ ነኝ ማለት አይደለም እንዴ?» አለ። ማንም አልዋሸም። ግማሹ ግልገል በእርግጥ የእነሱ ነው። ግን እናቶቹ ሁሉ የኔ ናቸው፤ ከወንድሜ ቤት ሲወጡም ከእሱው አውራ በግ አርግዘው ነው የወጡት።

ነገሩ ገባው። የዝንብ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ ወደ ቁም ነገሩ ሄደ። «ስሚ፣ ከመስቀል በኋላ አውራዎቹ ይታደላሉ ተብሎ ተወስኗል። ባልሽም ጎንደር ይገባልሻል። ግልገል በሳል ሞተ ከተባለ በሳል ይሙት። ምነው ዝም ብትይ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ዝም እላለሁ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር። ከመስቀል እስከ ገና፣ ከገና እስከ ጥምቀት፣ ጥምቀትን ከባሌ ጋር ቀሐ ወርጄ እስከማከብር ድረስ አስቤ ጨርሼ ነበር። በጎቹ ለእኔ ምኔ ናቸው?

በማግስቱ ጣቢያው ውስጥ አብረን ምሳ በላን፤ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ። ድንቼን እየላጥኩ ሳለሁ ልጅቱ እኔን ልታጫውተኝ ፈለገች። ክፋት አልነበራትም፤ ይኼም ያናድደኛል። ስለ ሥራቸው እንዳልሰለች ብላ ድንቾቹን ትሪው ላይ እንደ በግ ትደረድር ጀመር።

«እትዬ፣ ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው። «እኛም ለበጎቹ እሱኑ ነው የምናደርገው። ይቺ ከአንድ ቤት ናት፣ ይቺ ከሌላ ቤት። ስለዚህ አይዛመዱም። ገባዎት?»

ገባኝ። ያልገባኝ ባሌ ነው። ከድንቾቹ በላይ እሷን እያየ ፈገግ ይላል፤ ጎበዝ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትመልስ እንደሚያይ መምህር። ደሜ ፈላ። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያሰብኩት ሁሉ ካንዲት ፈገግታ ጋር ሄደ።

«ሰባት ቤት ብለሽ የገዛሽው አንድ ቤት ነው» አልኳት። «የኔን ቤት።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል። ከቄሱ የመጣችው የኔ በግ ልጅ ናት አልኩ፣ ከባልቴቷ የመጣችው የእህቷ ልጅ ናት አልኩ፣ ከወፍጮ ቤቱ የመጣው ጠቦት አባቱ የወንድሜ አውራ ነው አልኩ። ርቢ ምን እንደሆነ ነገርኳት። ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ጨርቅ ብዙ ቤት ስለገባ ብዙ ዓይነት ጨርቅ አይሆንም፤ ይኼን የተማሪ ልብስ የምሰፋ እኔ አውቀዋለሁ አልኳት። ድንቾቹን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ቦታ ከመርኳቸው።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድታለቅስ ፈልጌያለሁ።

እሷ ግን ወደ ባሌ ዞረች። እሱም ወደ እሷ። ተያዩ፤ ብዙ ወራት አብሮ የታመመ ሰው መድኃኒት ተገኘ ሲባል እንደሚተያየው። ያንን አስተያየት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ድሮ የኔ ነበር። ከዚያ ልጅቱ ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ ከጭንቅ አወጡን እኮ። እኔ ብር ጨርሼ ሣር ስመረምር፣ ነገሩ እርስዎ እጅ ላይ ነበር» አለች። ስህተቷን ነገርኳት፣ እሷ ሳመችኝ። ሰው እንዲህ ካደረገ በምን ይጠላል?

ባሌም ሳቀ። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው መሆን አለበት። እኔን ለማመስገን ክንዴን ያዝ አደረገና እጁን ሳያነሳ ከእሷ ጋር ወሬ ጀመረ፤ በኔ ላይ አልፈው፣ እኔ የሚነጋገሩበት መስኮት የሆንኩ ይመስል።

«እንግዲያው ከዚህ ጥግ ሁሉ አይሆንም» አለ።

«ጃናሞራስ?»

«የጃናሞራ ሰዎችም ከዚህ ጋር በጋብቻ ይመላለሳሉ፤ በግም አብሮ ይሄዳል። በየዳ ነው የሚሻለው። ከገደሉ ማዶ ርቢ አይሻገርም።»

«በየቤቱ ደግሞ የበጓ እናት ከየት መጣች ብለን እንጠይቃለን። የማን ናት ብለን አይደለም።»

«በበቅሎ ነው። በጋውን ሙሉ ይፈጃል።»

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለች እሷ።

«ማደሉስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ከመስቀል በኋላ ያልከው?»

ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞረው። «አሁንማ እንዴት ይታደላል? እነዚህን አውራዎች ለገበሬው ብንሰጥ በየመንደሩ የገዛ እህቶቻቸውን ነው የሚያገኙት። አንቺ ባትነግሪን አገር ልናበላሽ ነበር» አለኝ። «ዝውውሩ ይቆይልኝ ብዬ እጽፋለሁ።» ይህን ያለኝ በምስጋና ነው። ዓይኑ ውስጥ ዕንባ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ወንድሜ ጋ ስመለስ ፊቴን አይቶ ሁሉንም አወቀ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለና ሌላ ቃል ሳይጨምር ማሳው ውስጥ ገባ። ልክ ነው አልልም። የብብቴን መጣሌን አላየም፤ ብብቴ ውስጥ የነበረ ነገር ይኑር አይኑር እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

ያንን ክረምት ጣቢያው የኔን ዘር አራገፈ። ከእናት በጎቹ ጥቂት አስቀርተው ሌሎቹን ለቀድሞ ባለቤቶቻቸው መለሱ፣ አንዳንዶቹንም ለበዓል ሸጡ። «የአንቺ ዘር በዝቶ ነው እንጂ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ሸጋ ዘር ነው» ይለኛል ባሌ በስልክ፤ ሊያጽናናኝ ነው። እስኪ ይኼ ለሚስት የሚነገር ነው? በዝተሽብናልና ከሌላ አገር አዲስ ደም እናምጣ። እሱ ስለ በግ ነው የሚያወራው፤ እኔ ስለ በግ አልሰማም።

የክረምቱ ዝናብ እንደቆመ አንድ ቅዳሜ ቁስቋም መጣ። በብብቱ በወረቀት የተጠቀለለ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይዟል፤ አዘዞ ገበያ የገዛው ነው። ደስ አለኝ፤ ለኔ መስሎኝ ዳሰስኩት።

«ለሷ ካፖርት ስፊላት» አለ። «በየዳ ብርዱ ሰው ይገድላል፤ ይዛ የመጣችው ስስ ነገር ነው። ሳንነሳ እንዲደርስላት።»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ልኳን ከየት አመጣለሁ?» አልኩት። «አንድ ቀን ትምጣና ልለካት።»

«ለምን ትመላለሳለች? እኔ እነግርሻለሁ» አለና ተነሳ። እጁን ከአገጩ በታች አድርጎ ቁመቷ እስከዚህ ነው አለ። ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ትከሻዋ ይኼን ያህላል አለ። የክንዷን ርዝመት በራሱ ክንድ ላይ አሳየኝ። ወገቧ ጋ ሲደርስ እጆቹን ፊት ለፊት ይዞ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ትንሽ አቀራረባቸው።

የኔን የጫማ ቁጥር ዛሬም ደውሎ ነው የሚጠይቀኝ። ሜትሬን አውጥቼ በእጆቹ መሃል ያለውን አየር ለካሁ። እሱ ሳይንቀሳቀስ፣ ልብስ እንደሚለካ ሰው በትዕግሥት ቆመልኝ።

ልኩን ሳልነካ ሰፋሁት። ሊሄዱ ሰሞን ልጅቱ ቀሐ ሱቄ መጥታ መስተዋቱ ፊት ለበሰችው። የሚጠበውን ላሰፋ፣ የሚሰፋውን ልይዝ መርፌዬን በጥርሴ ይዤ በዙሪያዋ ዞርኩ። ትከሻው ላይ ፈለግኩ፣ ክንዱ ላይ ፈለግኩ፣ ወገቡ ላይ ፈለግኩ። አንድም ቦታ የሚስተካከል አልነበረውም።